ሦስተኛው ጥሪ

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተወለድን የአዲስ አበባ ልጆች ባሕርን ሳናይ ነው ውሃ መፍራት የተማርነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ዙሪያ ተኮልኩለን አያቶቻችንን እናዳምጣለን። ቀትር ላይ ወንዝ አይወረድም። ቢሾፍቱ ደርሶ የመጣ ዘመድ ደግሞ፣ ሐይቁ በየዓመቱ አንድ ሰው ካልወሰደ አይረካም የሚለውን ወሬ ይዞልን ይመጣል። የኔ አያት ሕግ ነበራት።

«ከወንዝ ዳር ስምህ ሲጠራ አቤት እንዳትል! ጋኔን ሁለቴ እንጂ ሦስቴ መጥራት አይችልም። ሦስተኛውን ከሰማህ ግን ሰው ነው፤ ያኔ አቤት በል።»

የቀበና ወንዝ በክረምት አፈር መስሎ ሲወርድ ከድልድዩ ላይ ቆመን ጆሯችንን እናቆማለን። ዛሬ ሳስበው አያቴ ዋሽታኝ አታውቅም። ደራሽ ውሃ በምን ፍጥነት እንደሚመጣ ለሰባት ዓመት ልጅ ማስረዳት ይከብዳል፤ ጋኔን ግን ወዲያው ይገባዋል። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ስለምታውቅ፣ ሳይስቅብን በፊት አስፈራርታ ቤት አስቀረችን። ብዙዎቻችን ለዚህ ዕድሜ የበቃነው እንዲህ ባለ ተረት ነው።

ባሕር ለእኛ በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ያለ ሰማያዊ ቀለም ነበር። ከምጽዋ እስከ አሰብ ያለውን ጠረፍ በቃላችን እንስለዋለን። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ካርታው ተቀየረ፤ አይተነው የማናውቀው ባሕር ከእጃችን ወጣ። የባሕርን ፍርሃት ግን ይዞልን አልሄደም።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ጠረፍ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች መካከል 125ቱ ሞቱ። ያን ዘመን ካለፍን ሰዎች ውስጥ የአብራሪውን የካፒቴን ልዑል አባተን ስም የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔን ለዓመታት እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንዶቹ ተሳፋሪዎች የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ከውስጥ ሳይወጡ ነፍተውት ነበር። ውሃው ሲገባ ወደ ጣሪያው አነሳቸውና መውጫው ከበታቻቸው ቀረ። ያድናል ተብሎ የተሰጣቸው ነገር ነው አስሮ ያስቀራቸው። ከዚህ የከፋ የአያቴ ተረት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ዲቪ የደረሰንና በሌላም መንገድ የወጣን አሜሪካ፣ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ሰፈርን። ባሕር የማያውቁት ልጆች ባሕረ ሰላጤ ዳር ቤት ያዝን። ኦክላንድ መሀል ያለው ሜሪት ሐይቅ፣ ስሙ ሐይቅ ቢሆንም፣ ውሃው ጨው እንዳለውና ከባሕሩ ጋር እኩል እንደሚሞላና እንደሚጎድል ያወቅሁት ሁለት ዓመት ዳሩን ከተመላለስኩ በኋላ ነው። የዚያን ቀን ባሕሩ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ።

በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ደላሎች የመን ሻብዋ ጠረፍ አቅራቢያ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን ስደተኞችን ከጀልባ ወደ ባሕር ገፈተሯቸው። የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እንዳለው አማካይ ዕድሜያቸው 16 ዓመት ገደማ ነበር። ከባሕሩ የተረፉት የሞቱትን ጓደኞቻቸውን አሸዋ እየጫሩ ቀብረው ሄዱ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ባሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች ወሬው ተሰማ፤ ከንፈር ተመጠጠ፤ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ጨዋታው ተለወጠ። እኔም አብሬ ለወጥኩት።

ባለፈው ዓመት ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ጋር ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ በባቡር ስንሄድ፣ ስለ ባሕር የተጻፉ አስፈሪ አጫጭር ታሪኮችን የያዘ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ነበር። ባቡሩ ፍሪሞንትን አልፎ ረግረጉ ውስጥ ሲገባ የድሮብሪጅ ቤቶች ታዩን። በባቡር ድልድይ ጠባቂ ጎጆ የተጀመረች፣ የዳክዬ አዳኞች የሰፈሩባት መንደር ነበረች። የመጨረሻው ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ወጣና ጭቃው ቤቶቹን ቀስ በቀስ እየዋጠ ነው። ልጄ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ተመለከተች።

«አባዬ፣ እኛ እንዲህ ዓይነት ታሪክ የለንም?»

የአያቴን ሕግ ነገርኳት። ሁለቱን ጥሪ፣ ሦስተኛውን፣ አቤት አለማለቱን። ዝም ብላ ቆየችና፣

«ሦስተኛውን ሳይጠራ የሰመጠስ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አያቴ ሕጓን ያወጣችው ለወንዝ ዳር ልጅ ነው፤ ለዚያም በትክክል ሠርቷል። እኛ ግን አድገን፣ ወረቀት ይዘን፣ ደመወዝተኛ ሆነን እንኳ ያንኑ ሕግ ይዘን ቀረን። ከውሃ ውስጥ በራሳችን ቋንቋ ሲጠሩን ሦስተኛውን ስንጠብቅ ኖርን። የሰመጠ ሰው ሦስት ጊዜ የሚጠራበት ትንፋሽ የለውም። የእኔ ትውልድ አስፈሪ ታሪክ ይኸው ነው፤ ጋኔን የለበትም።

ስለዚህ እንጻፈው። አዛውንቶቻችን ለወንዙ ተረት እንዳበጁለት እኛም ለባሕሩ በአማርኛ እናብጅለት፤ ልጆቻችን ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንበው ይፍሩት። የሰው ልጅ የፈራውን አይረሳም፤ ሻብዋ አሸዋ ላይ ያለ ስም የተቀበሩትን የሚያስታውስ እንዲህ ያለ ፍርሃት ነው።

ልጄ የራሷን ጀምራለች። ወንዝ ዳር የቆመች ልጅ ስሟ ሲጠራ ትሰማለች። ፊደሉን እንዳስተካክልላት ደብተሯን ሰጠችኝና አነበብኩት። አያቴ ብትሰማ ትቆጣ ነበር፤ ልጅቷ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ትላለች።