ከራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጠርቷል። ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አራዳ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ወጣሁና ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ አቀናሁ። የዛሬው መንገድ መሪዬ ውኃ ነው። ከፒያሳ ሥር የሚፈሰው ወንዝ ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚጠቀምበት፣ እስኪመሽ ተከትዬው ልይ ብዬ ነው የተነሣሁት።

ታላቅ ወንዝ ሲባል የሁላችንም ልብ ወደ ዓባይ ይሄዳል። የእንጦጦ ተራራ ግን ዝናቡን ለሁለት ያካፍለዋል። በሰሜን ወደ ሱሉልታ የወረደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። በደቡብ ወደ ከተማዋ የወረደው ደግሞ በቀጨኔ፣ በግንፍሌና በቀበና ወርዶ አቃቂ ይሆናል፤ አቃቂም አዋሽን ይቀላቀላል። ስለዚህ የፒያሳ ሰው ታላቁ ወንዙ አዋሽ ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ፣ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ የሚያልቀው አዋሽ አንዱ መነሻው እዚህ፣ ከእግራችን ሥር ነው።

ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ከቀጨኔ በኩል የሚወርደው ውኃ ክረምቱ አጥቦት ወጥቶ ሳለ ገና በጥቅምት ጠቁሯል። ፌስታል፣ ቡትቶና የፕላስቲክ ጠርሙስ ድንጋዩ ላይ ተጠምጥሟል። የሚያልፈው ሰው በነጠላው ጫፍ አፍንጫውን ይዞ ይፈጥናል። ወደ ታች የሚያይ የለም።

ከድልድዩ ማዶ ቆሎ የሚሸጡ እናት አገኘሁ።

«እማማ፣ እዚህ ሰፈር ብዙ ቆይተዋል?»

«ተወልጄበታለሁ፣ ልጄ። ምነው?»

ስለ ወንዙ ጠየቅኳቸው። ፊታቸው ፈካ አለ። «እናቴ ጋቢ የምታጥበው እዚህ ታች ነበር። እንዶድ ወቅጠን ይዘን እንወርዳለን። ድንጋዩ ላይ ረግጠን አጥበን፣ ሣሩ ላይ አስጥተን፣ እስኪደርቅ እኛ ውኃው ውስጥ እንንቦጫረቃለን። አሁን እንኳን ጋቢ፣ እግሬንም አላስነካው።» ቆሎውን በሲኒ እየሰፈሩልኝ ጥቂት ዝም አሉና «ወንዙ ምን አደረገ? የሁላችንም ሽንት ቤት እኮ ነው የሚወርድበት» አሉኝ።

ይህ የአንድ ሰው ዕድሜ ታሪክ ነው። ከተማዋ ግን ከመጀመሪያው የውኃ ልጅ ነበረች። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ከብርዳሙ እንጦጦ ወደ ታች የሳባቸው ፍልውኃ ነው። የመጠጡ ውኃ ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ ይቀዳ ነበር። ኋላ ዳግማዊ ምኒልክ በስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ አማካይነት የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ ወደ ግቢያቸው አስገቡ፤ ሕዝቡም ጉድ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለገዳዲ ግድብ ሲደርስ የብዙው ሰው ውኃ ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። እንደ እኔ እንደ እኔ ወንዞቻችን መሞት የጀመሩት ያኔ ነው። ማንም የማይጠጣውን ውኃ የሚጠብቀው የለም። ቤቶቹ ጓሯቸውን ወደ ወንዝ አዞሩ፤ ጓሮው ላይ ሽንት ቤት ተቆፈረ፤ ክረምት ሲመጣ ጉድጓዱ ወደ ወንዙ ተለቀቀ። ቀጥሎ ፋብሪካው፣ ጋራዡ፣ ቄራው መጣ።

ከድልድዩ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱን ወጥቼ፣ ወደ ግራ ታጥፌ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገባሁ። ከወንዙ የራቅሁ ሊመስል ይችላል፤ ግን አልራቅሁም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ የታችኛው አዋሽ ልጅ ናት። ከሐዳር ብዙ በማይርቀው ጎና ደግሞ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። መሣሪያዎቹ የተፈለጡት ጥንታዊው አዋሽ እያንከባለለ ካመጣው ጠጠር ነው። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ወንዝ ለሰው ውኃ ብቻ የሰጠ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቢላዋም ሰጥቶታል። ወደ እኛ ሲቀርብ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዋሽ ዳር የቅድመ ታሪክ ቦታው መልካ ቁንጥሬ አለ። ቦታውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1963 እ.ኤ.አ. ውኃ ሊያጠና የመጣ ሆላንዳዊ ባለሙያ፣ ጌሪት ዴከር ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጎረቤቱ ባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሰው እዚያ ወንዝ ዳር ድንጋይ እየጠረበ፣ አውሬ እያረደ፣ ውኃ እየጠጣ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖሯል። ያን ሁሉ ዘመን ከወንዙ ጋር ኖሮ አላበላሸውም። ለማበላሸት እኛን የበቃን የእኚያ ቆሎ ሻጭ እናት አንድ ዕድሜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ባንቱይቀጡ ወንዝ ወረድኩ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ያለማል ተብሎ የታቀደ ነው። ወዳጅነት ፓርክ የዚያ ፍሬ ነው። ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ። ወንዝ ዳር ሰው መቀመጥ መጀመሩ አስደስቶኛል፤ ጀርባችንን ሰጥተነው ኖረን ፊታችንን መለስንለት። ግን ዳርቻው አማረ ማለት ውኃው ጠራ ማለት አይደለም። ላይ ቀጨኔና ፒያሳ ፍሳሹ በመስመር ተሰብስቦ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ካልሄደ፣ አበባው የሚተከለው በቆሻሻ ቦይ ዳር ነው።

ታክሲ ይዤ ወደ አቃቂ ወረድኩ። ከከተማዋ ጠርዝ ማሳው ተዘርግቷል፦ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን። ቦት ጫማ ያደረገ ወጣት በሞተር ጥቁሩን ውኃ ወደ ቦዩ ይስባል።

«ወንድሜ፣ ከዚህ ሌላ ውኃ የላችሁም?» አልኩት።

«ቢኖረን ይህን እንወዳለን?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ተመራማሪዎች በእነዚህ አትክልቶች ውስጥ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ደጋግመው አግኝተዋል። ገበሬውን መውቀስ ግን ግፍ ነው፤ ውኃውን ያጠቆረው እርሱ አይደለም። ጧት ከድልድዩ ሥር ያየሁት ውኃ ቅጠል ሆኖ፣ በእስር በእስር ታስሮ፣ ወደ ከተማዋ ጉልቶች ይመለሳል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አባ ሳሙኤል ደረስኩ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙበት፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው የአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫ እዚህ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር፤ ለአዲስ አበባ ግን ብርሃን ሆኗል። የከተማዋ ወንዝ ታች ወርዶ ብርሃን ሆኖ ወደ ከተማዋ ይመለስ ነበር። ኋላ ተቋርጦ ኖሮ በ2016 እ.ኤ.አ. ታድሶ ሥራ ጀመረ። ሐይቁን ግን ደለል ሞልቶታል፤ እምቦጭ አልብሶታል፤ ሽታውም ከጧቱ ሽታ ጋር አንድ ነው።

ከዚህ በታች መሄድ ለዛሬ አልቻልኩም፤ ውኃው ግን ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው ቆቃ ግድብ ይቀበለዋል። የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፤ ቀጥሎ መተሐራን፣ አሚባራን፣ ተንዳሆን። የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የወንዝ ዳር ሣር በጥጥና በሸንኮራ ተወስዶበታል፤ የተረፈለት ውኃም ይኸው የእኛ ውኃ ነው።

የፒያሳ፣ የቀጨኔና የአፍንጮ በር ሰዎች ሆይ፣ የቤታችሁ ፍሳሽ የት እንደሚሄድ ዛሬውኑ ጠይቁ። መስመር ከሌላችሁ መስመር እንዲገባላችሁ ወረዳችሁን ወትውቱ። የወንዝ ዳር ልማቱን የያዛችሁም፣ ከአበባው በፊት ቱቦውን ቅበሩ። ከቆቃ በታች የአዳማ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ከአዋሽ የሚጣራ ነው።