የጊታሬ ነገር

እኛ ፔታህ ቲክቫ ደህና ነን።

ሰሞኑን ለእማዬ ትዝታ ስጫወትላት «ይሄ ክራር ነው ወፍጮ?» አለችኝ። ጆሮዋ እየደከመ ስለሆነ ነገሩ አሳሰበኝ። የጊታሬ ሃምባከሮች ባለ ሴራሚክ ማግኔት፣ 16 ኪሎ ኦም ገደማ ናቸው፤ ሽቦው ሲበዛ ድምፁ ይደፈርሳል። ልጄ ግን ለሮክ ይወዳቸዋል።

ሃምባከርን ሴት ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. ለጊብሰን ሲሠራ ዓላማው እምምም የሚለውን የኤሌክትሪክ ድምፅ በሁለት ጥቅል ሽቦ ማጥፋት ነበር። (የእኛ ፍሪጅ ግን አሁንም ይሰማል!)

በአንገቱ በኩል አልኒኮ 2፣ 7.5 ኪሎ ኦም የሆነ ገዛሁ። የድልድዩን ለልጄ ተውኩለት፤ እንዳይጮኽ ብቻ በብሎኑ ዝቅ አደረግኩት።

ዓርብ ማታ ሰንበት ሊገባ ሲል በይጄ ጨረስኩና ተጫወትኩላት። ዝም ብላ ሰማች።

«ድገመው» አለችኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ጊታሩን ነቀልኩት።