የሌላ ሰው እጅ የለመደ ብዕር

አሮጌ ብዕር የሚገዛ ሰው ዕቃውን ብቻ አይገዛም፤ የቀድሞ ባለቤቱን አመልም አብሮ ይረከባል። ስለ ዕቃው ብዙ ተጽፏል። አመሉን የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው፤ እኔን በዚህ ነገር ዓመታት ያቆየኝ ደግሞ እርሱ ነው።

በምኖርበት በለንደን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በፖርቶቤሎ መንገድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ከብር ማንኪያውና ከቆመው ሰዓት መካከል ዓይኔ የሚፈልገው ኦኖቶ የተባለውን ብዕር ነው። ቴምብርና የባንክ ኖት በማተም የሚታወቀው የዴ ላ ሩ ኩባንያ፣ ጆርጅ ስዊትሰር የተባለ ሰው በፈለሰፈው ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1958 ሠርቶታል። ጃፓናዊው ደራሲ ናትሱሜ ሶሴኪ ሳይቀር በኦኖቶ ይጽፍ ነበር።

ቀለም አጠጣጡን ላስረዳ፤ ውበቱ ያለው እዚያ ነውና። ብዕሩ እንደ ሐኪም ሲሪንጅ ቀጭን ዘንግ በሆዱ ይዟል። ሆኖም ሲሪንጅ ሲሳብ ይሞላል፤ ኦኖቶ የሚሞላው ሲገፋ ነው። የጭራውን ቁልፍ ይፈቱና ዘንጉን እስከ መጨረሻው ይስባሉ፤ ጫፉን ቀለም ውስጥ ነክረው ባንድ ትንፋሽ ወደ ታች ይገፉታል። በዘንጉ ጫፍ ያለው ጓርኒሲዮን (ቃሉን የወረስኩት ከመካኒክ አጎቴ ነው፤ የተሻለም አላገኘሁለትም) የቀፎውን ግድግዳ ተጭኖ ሲወርድ ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል። ቀፎው ግን ከታች በኩል ከውስጥ ጥቂት ሰፋ ተደርጎ ተቦርቡሯል። ጓርኒሲዮኑ እዚያ ሲደርስ መጨበጫ ያጣል፤ ያን ጊዜ የውጭው አየር ቀለሙን ገፍቶ ወደ ባዶው ይሰደዋል። ይህ ሁሉ የዓይን ጥቅሻ ታህል ጊዜ ይፈጃል። ለእኔ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ስገዛ ጥንቁቅ ነኝ። ሻጩን አስፈቅጄ ዘንጉን ቀስ ብዬ እስባለሁ፤ እምቢ ካለ አላስገድደውም። የክዳኑን ከንፈር ስንጥቅ እንዳይኖረው በጥፍሬ እዳስሳለሁ። «ታድሷል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ደግሞ እጠረጥራለሁ፤ «ታድሷል» ማለት አብዛኛውን ጊዜ «ተወልውሏል» ማለት ነው።

ባለፈው መጸው በ25 ፓውንድ የገዛሁት ያልተወለወለ ነበር። ጥቁር ሆኖ የተሠራው ገላው ወደ ቡናማ ዞሯል። ኤቦናይት የሚባለው ይህ ጠጣር ጎማ፣ የጎማ ዛፍ ወተት ከድኝ ጋር ተቀቅሎ የሚገኝ ነው፤ ብርሃንና እርጥበት ሲፈራረቁበት እንዲህ ይጠወልጋል። በወገቡ ላይ «ኤች. ደብልዩ.» የሚሉ ሁለት ፊደላት ተቀርጸውበታል። ሻጩ ፊደላቱን በብርጭቆ ወረቀት ባጠፋቸው፣ ገላውንም መልሼ ባጠቁረው ዋጋው እጥፍ እንደሚሆን መከረኝ። ለነጋዴ መልካም ምክር ነው።

ጥገናውን የሠራሁት በማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ኤቦናይት ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፤ ይባስ ብሎ ይጠወልጋልና። በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጌ፣ ጫፉን የያዘውን የፊት ክፍል በጣቴ ጉልበት ብቻ ፈታሁት። (ከሴሉሎይድ በተሠሩት ብዕሮች ላይ ሙቀቱ ከዚህም መቀነስ አለበት፤ ሴሉሎይድ እሳት ይወዳል።) ቀጥሎ የጭራውን ቁልፍ ከዘንጉ ጋር ያጋጠመችውን እንደ መርፌ የቀጠነች ካስማ ገፍቼ አወጣኋት። ዘንጉ በፊት በኩል ወጣ። ቀለም ወደ ኋላ እንዳይፈስ ሲጠብቅ የኖረው ቡሽ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። በምትኩ ትንሽ የጎማ ቀለበት በጥቂት ግራሶ አርሼ አስገባሁ፤ የዘንጉን ጓርኒሲዮንም ለወጥኩ። ሁለት ምሽት ወሰደብኝ።

ከዚያ በኋላ የቀረው የወርቁ ጫፍ ነበር። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ፣ ወረቀት የምትነካው ነጥብ ከጠንካራ ማዕድን የተበየደች ናት። በአጉሊ መነጽር ሳያት ነጥቧ ባንድ ወገን ተበልታ ሰያፍ ሆናለች። ኤች. ደብልዩ. ብዕሩን ጥቂት ወደ ግራ አዙሮ ይይዝ ነበር ማለት ነው፤ ወይም ትይዝ ነበር። ማዕድኑን እንዲህ ለመብላት ስንት ደብዳቤ፣ ስንት የሒሳብ መዝገብ እንዳስፈለገ አስቡት። አንድ ባለሙያ በአነስተኛ ዋጋ ጠፍጣፋውን ሞርዶ እንደ አዲስ ሊያከብልልኝ ፈቃደኛ ነበር። ሳላመነታ እምቢ አልኩ ብል እውነት አይሆንም፤ ሳምንት አሰብኩበት።

ምክንያቱም የራሴ እጅ በቋፍ ላይ ነበር። ከትምህርት ቤት ወዲህ አማርኛን በቁልፍ ሰሌዳ እንጂ በእጄ የጻፍኩበት ጊዜ እምብዛም ነው። ደብረ ብርሃን ላሉት አክስቴ እንኳ ስልክ መደወል ደብዳቤ ከመጻፍ ቀሎኝ ኖሯል። ብዕሩን ስሞክረው ወረቀቱን ቧጠጠው፤ እኔ በለመድኩት አያያዝ የሚጽፍ አልነበረም። ጥቂት ወደ ግራ ባዞርኩት ጊዜ ግን ድንገት ተንሸራተተ። ቋሚው መስመር ወፍሮ፣ አግዳሚው ቀጥኖ፣ የ«ጠ» እግሮች የቁም ጸሐፊዎች በመቃ ብዕር እንደሚያወርዷቸው ሆነው ወረዱ። (የእነርሱ ቀለም ግን ለዚህ ብዕር መርዝ ነው፤ ጥላሸቱ ጠባቡን መተላለፊያ ይደፍነዋል።) እንግሊዝኛው እየተቀጣጠለ ይሄዳል፤ የእኛ ፊደል ግን በየሆሄው እጅ ያስነሣል። ስለዚህ ያን ማዘንበል በየፊደሉ እንደገና መፈለግ ነበረብኝ፤ በጣም አዘገየኝ። ሳምንቱ ሲያበቃ ለባለሙያው ይቅር አልኩት፤ ፊደላቱንም አልነካኋቸውም።

ኦኖቶ ረዥም ነገር የሚጻፍበት ከሆነ የጭራው ቁልፍ ጥቂት ይላላል፤ ተዘግቶ ከሆነ የጫፉ ቀለም ሲያልቅ ከቀፎው አይተካለትም። አላልቼ ለአክስቴ አራት ገጽ ጻፍኩላቸው። ደብዳቤው በደረሳቸው ጊዜ ደወሉልኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቁ፤ ስለ ብርዱ ጠየቁ።

«ጽሕፈቱ ያምራል፤ ያንተ ግን አይደለም። ማን ጻፈልህ?» አሉኝ።

የኤች. ደብልዩን ነገር በስልክ ማስረዳቱ ቢከብደኝ፣ በሚቀጥለው ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ አልኳቸው።