አሥር ጊዜ ተሸንፎ ዋንጫ የበላው ቡድን

ዋሽንግተን ቫለር የሚባል ቡድን ነበር። በ2017 ሜዳ ገባ፣ በ2018 ዋንጫ በላ፣ በ2019 ሞተ። (ዓመቱን በፈረንጅ የምቆጥረው ጨዋታውም ዕዳውም የፈረንጅ ስለሆነ ነው።) ዋንጫ በበላበት ዓመት ካደረጋቸው 12 መደበኛ ጨዋታዎች በ10ሩ ተሸንፏል። ይህን ለሰው ሳወራ ብልህ የሆነው ቶሎ ብሎ ሊጉ ውስጥ ስንት ቡድን እንደነበረ ይጠይቀኛል። አራት። ወደ ጥሎ ማለፉ የሚያልፉትስ? አራት።

ጨዋታው አሬና ፉትቦል ይባላል፤ የአሜሪካኖቹ ፉትቦል በጣራ ሥር ማለት ነው። እኔ ያወቅሁት በስፖርት ፍቅር ሳይሆን በመኪና ማቆሚያ በኩል ነው። መሀል ዲሲ፣ ቻይናታውን፣ ካፒታል ዋን አሬና ከሚባለው አዳራሽ ወረድ ብሎ ፓርኪንግ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። የከተማውን ስፖርት ሁሉ የሚመዝነው በሚገባለት መኪና ነው። የሆኪ ለታ ገና ሳይመሽ ቀይ ማሊያ የለበሰ ሕዝብ ጋራዡን ይሞላዋል። ቅርጫት ኳስ እንደ ተጋጣሚው ነው። ኮንሰርት ከሆነ አያድርስ ነው፤ ሰዉ ሲገባም ሲወጣም መኪናውን የት እንዳቆመ አያውቅም። የቫለር ለታ ግን ወዳጄ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ምን አለ?» ስለው፣

«ያ የግድግዳው ነዋ» ይለኝ ነበር።

የግድግዳው ማለቱ ትክክል ነው። ሜዳው የሚነጠፈው የሆኪው በረዶ በሚተኛበት ቦታ ላይ ስለሆነ ርዝመቱ 50 ያርድ ብቻ ነው፤ የትልቁ ፉትቦል ሜዳ ግማሽ። ስፋቱ 85 ጫማ ነው። በየወገኑ የሚሰለፈውም 11 ሰው ሳይሆን 8 ነው። ዙሪያውን ፍራሽ የለበሰ አጥር ይከበዋል፤ እናም እዚህ ሜዳ ላይ «ውጪ ወጣ» ማለት ወይ ከአጥሩ ጋር መላተም፣ ወይ በአጥሩ ላይ ተገልብጦ የሰው ጭን ላይ ማረፍ ነው። አንድ ምሽት በርካሽ ትኬት ገብቼ ከፊቴ ያለው ረድፍ ላይ ይኸው ሲሆን አየሁ። ኳስ ሊቀልብ የዘለለ ግዙፍ ወጣት ኳሷንም ራሱንም ይዞ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ላይ ወደቀ፤ ቢራው ሸሚዙ ላይ ተደፋ። ልጁ «ይቅርታ ጌታዬ» ብሎ ተነሥቶ ሮጠ። ሰውዬው እንደ መናደድ የረጠበ ሸሚዙን ለጎረቤቶቹ ሁሉ እንደ ኒሻን ሲያሳይ አመሸ።

በሁለቱም ጫፍ ከግቡ ግራና ቀኝ ትልልቅ መረቦች ተወጥረዋል፤ እያንዳንዱ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 32 ጫማ ነው። የሳተ ምት መረቡን መትቶ ወደ ሜዳ ይመለሳል፤ ጨዋታው አይቆምም፣ የቀለበው ይዞት ይከንፋል። እንደ ትልቁ ፉትቦል ጨንቆህ ኳሷን ወደ ሩቅ ጠልዘህ መገላገል ክልክል ነው። ስለዚህ ነጥብ ይዘንባል፤ 60 አስቆጥሮ የተሸነፈ ቡድን ማንንም አያስደንቅም። ወደ ተመልካቹ የገባች ኳስም የቀላቢዋ ናት፤ ይዟት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ሰፈር ኳስ ጎረቤት ግቢ ስትገባ የሚሆነውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ከሥልጣኔ ሁሉ የላቀው ነው።

ይህን ሁሉ ማን አሰበው? ጂም ፎስተር የሚባል ሰው ነው፤ ያሰበውም ኳስ ሲያይ ነው። የኛኑ ኳስ፣ እግር ኳስን። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1981 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ የቤት ውስጥ እግር ኳስ ሊግ የኮከቦች ጨዋታ ነበር። ፎስተር ያኔ የትልቁ ፉትቦል ሊግ በሆነው በኤንኤፍኤል ቤት በፕሮሞሽን ሥራ ላይ ነበርና እግር ኳስ በአጥር ተከልሎ ጣራ ሥር መጫወት ከቻለ ፉትቦሉስ ምን ይከለክለዋል ብሎ በያዘው ቡናማ ፖስታ ላይ ሜዳውን ነደፈ። የእግር ኳስ ወገኖች ስለሆንን በዚህ ትንሽ ብንኮራ ነውር የለውም፤ አሜሪካኖቹ ኳሳችንን ናቁት ስንል፣ ከጎኑ ተቀምጠው ሲኮርጁ ነበር።

ፖስታው ግን ብዙ ቆየ። በመካከሉ ዩኤስኤፍኤል የሚባል ሌላ የፉትቦል ሊግ ተቋቁሞ ፎስተር እዚያ ሥራ ያዘ። ያ ሊግ የመጨረሻ ጨዋታውን በ1985 አደረገ፤ በዓመቱ ኤንኤፍኤልን በፍርድ ቤት ረታ፤ የተፈረደለት ካሣም አንድ ዶላር ሆነ፣ ሕጉ በሦስት ያባዛዋልና ሦስት ዶላር። ፎስተር ወደ ፖስታው ተመለሰ። በ1986 ኢሊኖይ ውስጥ ሮክፎርድ ላይ የሙከራ ጨዋታ አደረገ፤ በ1987 በጋ ሊጉን በቺካጎ፣ በዴንቨር፣ በፒትስበርግና በዋሽንግተን ጀመረ። አራት ቡድን ማለት ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ቫለር ዋንጫ ሲያነሣም አራት ነበሩ፤ መሀል ላይ የሆነውን ሁሉ ወጪ ብለህ ብታጣፋው ሒሳቡ እኩል ይመጣል።

በ1987 የነበረው የዋሽንግተን ቡድን ኮማንዶስ ይባል ነበር። የሊጉን የመጀመሪያ ጨዋታ ፒትስበርግ ላይ 48 ለ46 ተሸነፈ፤ የዋሽንግተን ነገር ከጥንቱም እንዲህ ነበር። ሜዳው ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ነበር። በ1988 ጠፋ፤ በ1989 ሜሪላንድ ኮማንዶስ ተብሎ መጣ፤ በ1990 እንደገና ዋሽንግተን ተብሎ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አልታየም። ስሙ ዋሽንግተን፣ አዳሩ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እየኖርን አገር ቤት ስንደውል «ዲሲ ነኝ» የምንል ሰዎች የምንስቅበት ጉዳይ አይደለም።

ለኔ የነገሩ ሥር የሚገኘው ግን አዳራሹ ውስጥ ነው። የአሜሪካ አዳራሽ ባለቤት ጭንቀቱ በጋ ነው። ሆኪውና ቅርጫት ኳሱ በፀደይ ተጠናቀው ሲሄዱ ወንበሩ ባዶ ይቀራል፤ ወጪው ግን ዕረፍት አይወጣም። የፎስተር ብልሃት ለዚያ ባዶ ወንበር ጨዋታ መፍጠሩ ነው። ሌሎች ስፖርቶች መጀመሪያ ይፈጠሩና በኋላ ቤት ይሠራላቸዋል፤ አሬና ፉትቦል ግን ከመጀመሪያው ደባል ሆኖ ተፈጠረ። የሰው ቤዝመንት ተከራይቶ የኖረ አበሻ ይህን ኑሮ አይስተውም፤ ማድቤቱን የምትጠቀመው ባለቤቶቹ ሲጨርሱ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ቴሌቪዥንህን ትቀንሳለህ፣ ውጣ ስትባልም ዕቃህ በአንድ መኪና ያልቃል።

ደባሉ የከበረበት ዘመን አልነበረም አይባልም። ከ2003 እስከ 2006 ኤንቢሲ በቴሌቪዥን አሳይቶታል። ሮከሩ ጆን ቦን ጆቪ ከፊላዴልፊያው ቡድን ባለቤቶች አንዱ ነበር። ከርት ዋርነር ሱፐርማርኬት ውስጥ መደርደሪያ ሲሞላ ቆይቶ፣ አይዋ ባርንስቶርመርስ የሚባል የአሬና ቡድን ውስጥ ራሱን አሳይቶ፣ በ2000 መጀመሪያ የኤንኤፍኤል ፍጻሜ የሆነው የሱፐር ቦል ኮከብ ሆነ። በ2008 ሊጉ 17 ቡድን ነበረው፣ በአማካይ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ይገባ ነበር። ወዲያው የገንዘብ ቀውሱ መጣና የ2009ን ውድድር ሰረዙት። በ2010 ሲመለስ የተጫዋቹ ደመወዝ ለአንድ ጨዋታ 400 ዶላር ሆነ። በዚያ ገንዘብ ከግድግዳ ጋር ከመላተም ታክሲ መንዳት ይሻላል ያለ ሰው አልተሳሳተም።

በዚህ ጊዜ ነው ቴድ ሊዮንሲስ የመጣው። ያኔ የሆኪውም የቅርጫት ኳሱም የአዳራሹም ጌታ ነበር። ሌላው ባለሀብት ከሊጉ እየሸሸ እሱ በ2016 ቫለርን አቋቋመ፤ አላንስ ብሎ የባልቲሞሩን ብሪጌድ ጨመረ። በ2017 ቡድኖቹ አምስት ነበሩ፤ አራቱ ያልፋሉ፣ አንድ ይቀራል። የቀረው ቫለር ነው፤ 3 አሸንፎ 11 ተሸንፎ። በ2018 ሁለት ቡድን ወጥቶ አንድ ገባና አራት ቀሩ፤ የሊጉ ግማሽ የሊዮንሲስ ሆነ። ያን ዓመት ደግሞ ባለቤቶቹ ቤቱን ለደባሉ አልለቀቁም፤ የሆኪው ቡድን እስከ ጁን ገፍቶ ስታንሊ ካፕን በላ፤ ከተማው በቀይ ማሊያ ሰከረ፤ የወዳጄ ጋራዥም በአንድ ሳምንት የዓመቱን ሠራ።

ቫለር በጸጥታ እየተሸነፈ 2 ለ10 ጨረሰ፤ መጨረሻ ነው፣ አራተኛ ግን ነው። ግማሽ ፍጻሜው በደርሶ መልስ ድምር ነበርና ከአንደኛው ከኦልባኒ ኢምፓየር ጋር ተደልድሎ ጣለው። እንዴት እንደጣለው የገባው ሰው ካለ አላገኘሁትም። ፍጻሜው ላይ የጠበቀው ወንድሙ ብሪጌድ ነው፤ አንድ ጌታ፣ ሁለት ቡድን፣ አንድ ዋንጫ። በዚያ ምሽት ያለ ሐሳብ የተኛ ሰው ቢኖር ሊዮንሲስ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ጁላይ 28 ቀን 2018 ነበር። ያን ቀን የዲሲ አካባቢ አበሻ የት እንደነበረ መጠየቅ አያስፈልግም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሜሪካ መጥተው ከአዳራሹ ወደ ሰሜን ጥቂት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው ኮንቬንሽን ሴንተር ውስጥ ስብሰባ ነበራቸው። መፈክሩ «ግንቡን እናፍርስ፣ ድልድዩን እንገንባ» ነበር። ወዳጄም ፈረቃውን ጥሎ ባንዲራ ለብሶ ሄዷል፤ ጋራዡን ማን እንደጠበቀለት እስከዛሬ አልነገረኝም። እኛ ግንብ ይፍረስ እያልን ስናጨበጭብ፣ በግንብ መላተም የሚተዳደረው የከተማችን ቡድን በዚያው ዕለት ባልቲሞር ላይ 69 ለ55 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ለወዳጄ በማግስቱ ስነግረው፣

«ያ የግድግዳው?» አለኝ፤ «ማንን?»

በ2019 ሊጉ ወደ ስድስት ቡድን አደገ። አራቱ ያልፋሉ፣ ሁለቱ ይቀራሉ። ሻምፒዮኑ ቫለር ቀረ። በሦስት ዓመት ዕድሜው ጥሎ ማለፍ የገባው ማንም መቅረት በማይችልበት ዓመት ብቻ ነው፤ ያቺን አንድ ዕድል ደግሞ ዋንጫ አደረጋት። በተከታታይ ስንት ዓመት ጥሎ ማለፍ ገብተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ቡድኖች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ።

መሞቱ አጭር ነው። በኦክቶበር 2019 ሊጉ የየከተማውን ቡድን ሥራ አቆመ፤ በኖቬምበር ኪሳራ አወጀ። አንዱ ምክንያት ከሠራተኞች ጉዳት መድን ጋር የተያያዘ ክስ ነበር። ለሃያና ሠላሳ ዓመት ሰው ከግድግዳ ጋር ሲያላትም የኖረ ድርጅት ሌላ ምን ሊገድለው ይችላል?

በ2024 ስሙን የያዙ ሌሎች ሰዎች 16 ቡድን ሰብስበው ሊያስነሡት ሞከሩ፤ ገና ጥቂት ሳምንት ሳይጫወቱ ቡድኖቹ ተራ በተራ መፍረስ ጀመሩ። ዝርዝሩ ውስጥ ዋሽንግተን ዎልፍፓክ የሚል አለበት፤ እሱ ግን የወዲያኛው ዋሽንግተን ነው፣ የሲያትል ጎረቤት ኤቨረት። እዚያም አበሻ ሞልቷል፤ ገብቶ ያየ ካለ ይንገረኝ።