የባቡር ጣቢያውና የሰፈራችን አግዳሚ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሮጌ ቤት ነው። «አሮጌ ቤት ለማን ይበጃል?» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ ከልጆቻችን ጋር ይገናኛል።

ከያፎ ኢየሩሳሌም የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1892 ተመረቀ። ያሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። አፈሩን የቆፈሩት ግን ከግብፅ፣ ከሱዳን፣ ከአልጄሪያም ሳይቀር የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ብዙዎች በበሽታ ሞተዋል። አዲስ አበባን ያያችሁ ለገሃርን ታውቁታላችሁ፤ ስሙ ራሱ ፈረንሳይኛ ነው፣ «ጣቢያው» ማለት ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ሐዲድም የፈረንሳይ ኩባንያ የሠራው ነው። የሁለቱም ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

የኢየሩሳሌሙ ጣቢያ በ1998 ባቡር ቀረበት። ሐዲዱን አረም ዋጠው፣ ቆሻሻ ተጣለበት። በቦታው የመኪና መንገድ ይሠራ የሚል እቅድ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ግን ዝም አላሉም፤ «መናፈሻ ይሁንልን» ብለው ተሟገቱ፤ ተሰሙም። ዛሬ በሐዲዱ መካከል እንጨት ተነጥፎ ሽማግሌው በእግሩ ይንሸራሸርበታል፣ ልጁ ብስክሌት ይነዳበታል። ጣቢያውም ታድሶ በ2013 ለሕዝብ ተከፈተ።

ወደ ሐደራችን ስንመለስ፣ የከተማዋ መሥራቾች በ1891 ሲመጡ መጀመሪያ የተጠለሉት በአንድ አሮጌ ኻን ውስጥ ነበር። ዙሪያው ረግረግ ስለነበር ወባ ብዙ ሰው ፈጀ። ውሃውን እንዲመጥላቸው ባሕር ዛፍ ተከሉ፤ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባም ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ኻኑ ዛሬ ሙዚየም ነው።

አንድ ጊዜ ስለዚህ ኻን ሳስተምር አንዲት የእኛ ልጅ፣ «ሞሬ፣ የእኔ አያት ታሪክስ የት ነው ያለው?» አለችኝ። «አያትሽ ከቤታችሁ በታች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሂጂና ጠይቂያቸው» አልኳት። «እሳቸው እኮ የሚያወሩት በአማርኛ ነው» ብላ አቀረቀረች። እስቲ አስቡት፤ በሱዳን በኩል በእግሩ የመጣ ሰው ታሪክ፣ ከልጅ ልጁ በሁለት ፎቅ ርቆ ተቀምጧል።

አባቴ ቄስ ነበሩ። «ቤት የሚፈርሰው ጣራው ሲያረጅ አይደለም፤ ገቢ ወጪው ሲቀር ነው» ይሉ ነበር። የኢየሩሳሌም ሰዎች ያዳኑት ድንጋዩን ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌና ልጅ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። እኛም የሚጎድለን እሱ ነው።

ስለዚህ ኢሪያው ስለ ሰፈራችሁ እቅድ ስብሰባ ሲጠራ፣ «ዕብራይስጥ አልችልም» ብላችሁ አትቅሩ። የምትፈልጉትን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ ጥላ ያለው አግዳሚ፣ ቅርብ ሽንት ቤት፣ ቡና የሚፈላበት ቦታ፣ ከልጆች መጫወቻ ያልራቀ መቀመጫ። ፈርሶ የሚያሳዝናችሁ አሮጌ ቤት ካለም፣ ምን እንዲሆን እንደምትሹ ተናገሩ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ስጡ፣ ቅጂውንም ያዙ። አስተርጓሚ ጠይቁ። ከሌለ የልጅ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ ቃላችሁን ለሹሞቹ ለማስተርጎም ሲል መጀመሪያ ራሱ መስማት አለበትና፣ እግረ መንገዱን ማን እንደሆናችሁ ያውቃል።