ከሪከንባከር መጋዘን ማዶ፤ ሥራውን ያጣ የገበታ ዕቃ

ከኮሎምበስ መሀል ከተማ ተነስተው በአላም ክሪክ ጎዳና ወደ ደቡብ ሲነዱ፣ መኖሪያ ቤቱ እየሳሳ ይሄድና በምትኩ መጋዘን በመጋዘን ላይ ይደረደራል። ሪከንባከር ገቡ ማለት ነው። ቦታው በ1942 (እ.ኤ.አ.) የጦር አየር ማረፊያ ሆኖ ተከፈተ። በ1974 የኮሎምበስ ተወላጅ በሆነው በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ፣ በኤዲ ሪከንባከር ስም ተሰየመ። ዛሬ የጭነት አውሮፕላን ማራገፊያ ነው። እዚያ ለሚሠራው ወገናችን ግን ሪከንባከር ማለት የሌሊት ፈረቃና ካርቶን ነው።

ይህ አካባቢ የታወቀ የብርጭቆ አገርም ነበር። ፌደራል ግላስ የተባለው ፋብሪካ እዚያው ደቡብ ኮሎምበስ ነበር። በላንካስተር ከተማ ሆኪንግ በ1905 ተቋቋመ። በኒውአርክ ደግሞ ሃይሲ ከ1896 እስከ 1957 ሠርቶ ተዘጋ፤ ዛሬ የዕቃዎቹ ሙዚየም አለ።

በአሮጌ ዕቃ መደብሮች መደርደሪያ ላይ እግር ያለው፣ ረዘም ያለ ብርጭቆ ያጋጥማል። ገዢው የአበባ ማስቀመጫ ይለዋል። ሥራው ግን ሌላ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ሴሌሪ የተባለው የሾርባ ቅጠል ለማብቀል አስቸጋሪ፣ ዋጋውም ውድ ስለነበረ፣ ባለጸጋው ግንዱን እንዳለ በዚህ ብርጭቆ አቁሞ በገበታው መሀል ለእንግዳ ያሳይበት ነበር። ቅጠሉ ሲረክስ ብርጭቆው ሥራ ፈታ።

ፈረንጁን ከመታዘባችን በፊት የራሳችንን ቤት እንይ። ብርሌ በየሳሎኑ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ቆሟል! አንገቱ የጠበበው ዝንብ በቀላሉ እንዳይገባበት የሚያመች ነው፤ በሰፊው ሆዱ የጠጁ መልክ ይታያል። በጌቶች ግብር ላይ አሳላፊው ከጠጁ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀድሞ ይቀምስ ነበር፤ መርዝ የለበትም ለማለት። ዋንጫም እንዲሁ ነው። ቀንድ በሙቀት ለስልሶ የሚበጅ፣ ቢወድቅ የማይሰበር፣ ለመንገደኛና ለዘማች የተመቸ መጠጫ ነበር። እዚህ የተወለደው ልጅ ዋንጫ ሲባል የሚያውቀው የኳሱን ነው። በ1962 አዲስ አበባ ላይ የወሰድነውን የአፍሪካ ዋንጫ እየነገርነው፣ ስሙ ከቀንድ መጠጫ እንደመጣ ግን አንነግረውም።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላሉ አባቶች። የእኛ ብርሌ ገና አልነቃም፤ ሥራው ብቻ ተረሳ። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ አበባውን አውጥቶ፣ ማጠብ፣ ለአዋቂው ጠጅ፣ ለልጁ ብርዝ መቅዳት። ልጁ አንገቱን ይዞ ሲጠጣ «ለምን ጠበበ?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚመልስለት ሰው ከፈረቃ ወጥቶ ቤት ይገኝ።