በሰው አገር ለትምህርት ሲኬድ ሠፈር ስለ መምረጥ

ባለፈው የፍልሰታ ጾም ሰሞን ቀድሞ ያስተማርነው አንድ ወጣት ከአባቱና ከእናቱ ጋር ወደ ቤታችን መጣ። በሎንዶን ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማርበትን ዕድል አግኝቶ የጉዞው ቀን ተቃርቦ ነበርና ምክር ሊጠይቁን ነው። የትምህርቱ ክፍያ ተችሎለታል፤ የኑሮው ወጪ ግን በቤተ ሰቡ ጫንቃ ላይ ነው። ልጁ በስልኩ የከተማውን ካርታ ዘርግቶ ሦስት ክፍሎች አሳየን። አንደኛው ከከተማው ዳር ነው፤ ኪራዩ ከሁሉ ይቀላል። ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ነው፤ ኪራዩ ከሁሉ ይከብዳል። ሦስተኛው ከሁለቱ መካከል ያለ፥ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በቤታቸው የሚያከራዩት ነው። እናቱ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ርካሹን ይያዝ» አሉ። አባቱም «የሚሄደው ለትምህርት ነውና ከትምህርት ቤቱ አይራቅ» አሉ። ልጁ ዝም ብሎ እኛን ይመለከት ነበር።

ጥያቄው ቀላል ይመስል ይሆናል። ለእኛ ግን ቀላል አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ለአንድ ዓመት ትምህርት በዚያው ከተማ በተቀመጥን ጊዜ ሠፈራችንን በመምረጥ ተሳስተን፥ የስሕተታችንንም ዋጋ ከፍለን ነበርና። ለዚያ ቤተ ሰብ የነገርነው ለሌሎችም ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እነሆ እንጽፈዋለን።

ሠፈር መምረጥን መጀመሪያ የተማርነው በባዕድ አገር አይደለም። በልጅነታችን ዳዊት ደግመን ዜማ ልንማር ከወላጆቻችን ቤት በራቅን ጊዜ፥ ደበሎ ለብሰን፥ አኮፋዳ አንግተን ከጉባኤ ቤቱ በደረስን ማግሥት፥ የኔታ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁን ስለ ጎጆአችን ነበር። ስፋቱና ጥበቱ አላሳሰባቸውም። ሌሊት ደወል ሲደወል የሚሰማበት መሆኑን፥ ምንጩ ሩቅ አለመሆኑን፥ ከአጠገቡም ታላቅ ተማሪ የሚያድር መሆኑን ነበር የጠየቁን። ታላላቆቹ ተማሪዎችም በየትኛው መንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ቁራሽ እንደሚገኝ፥ በየትኛውም መንደር ውሻው ክፉ እንደ ሆነ አስረዱን። ይህ ሁሉ ስለ መኖሪያ የተሰጠን ትምህርት ነበር። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ስናልፍ ግን ረሳነው።

ወደ ሎንዶን ስንሄድ የተመለከትነው የኪራዩን ልክ ብቻ ነው። ገና አዲስ አበባ ሳለን፥ ክፍሉን በፎቶግራፍ ብቻ አይተን የስድስት ወር ውል ፈረምን። ቤቱ በአምስተኛው ቀጠና ነበር። በዚያ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ዋጋ በቀጠና የተከፈለ ነው፤ መካከሉ አንደኛ ይባላል፤ ከዚያ እንደ ቀለበት እየሰፋ እስከ ዘጠነኛ ይደርሳል፤ ብዙ ቀጠና የሚያቋርጥም ብዙ ይከፍላል። በኪራይ ያተረፍነው የመሰለን ገንዘብ፥ ለተማሪ የሚደረገው ቅናሽ ተደርጎልን እንኳ፥ በየወሩ ወደ 150 ፓውንድ ለባቡር ሲወጣ ተበላ። ትምህርት ቤታችን ብሉምስበሪ በሚባለው ሠፈር ነበርና ከደጅ እስከ ደጅ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ፥ ለመመለስም ያንኑ ያህል ይፈጅብን ነበር። በሳምንት አምስት ቀን ሲታሰብ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከጠዋት እስከ ማታ ያለው አንድ ሙሉ ቀን ከየሳምንቱ እየተቆረጠ ተጣለ ማለት ነው።

ሎጥ ከአብርሃም በተለየ ጊዜ ዐይኑን አንሥቶ ውኃ የጠገበውን የዮርዳኖስን ሜዳ አይቶ መረጠ፤ በዚያ የሚኖሩት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ግን አልጠየቀም። እኛም በካርታና በፎቶግራፍ ያየነውን ይዘን፥ በዚያ ቤት ከማን ጋር እንደምንኖር ሳንጠይቅ ሄድን።

ከሁሉ የከፋው የእሑድ ነገር ነበር። እሑድ የምድር ውስጥ ባቡሩ ከሌላው ቀን ዘግይቶ ይጀምራል፤ ሐዲዱም ብዙ ጊዜ የሚጠገነው በቅዳሜና በእሑድ ስለ ሆነ መሥመሩ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ወንጌል ተነቦ እናገኝ ነበር። በዲቁና ያደግን ሰዎች ሆነን ሕዝቡ መካከል ዘግይተን መግባት አሳፈረን። ማፈሩም መቅረትን ወለደ። በመጀመሪያ በወር አንድ እሑድ ቀረን፤ ቀጥሎ ሁለት፤ ጾመ ነቢያት ሳይጋመስ ፈጽመን ቀረን።

በታኅሣሥ ወር፥ በዚያ አገር ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ በምትጠልቅበት ወራት፥ ብርቱ ትኩሳት ያዘን። በቤቱ አምስት ተከራዮች ነበርን። በወጥ ቤት የየራሳችን ቁም ሣጥን ነበረን፤ ሁሉም ተቆልፎ ይውላል። በደረጃ ስንተላለፍ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር እንጂ ስም ለስም አንተዋወቅም። ሦስት ቀን ከአልጋ ሳንነሣ፥ ከቧንቧ ውኃ በቀር ሳንቀምስ ሰነበትን። በራችንን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ አያውቁንም ነበር።

የአገራችን ሰዎችስ? በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀን ስልካችንን አንሥተን ተመለከትን፤ ከቤተ ክርስቲያን የደወለልን አንድም ሰው የለም። እጅግ ተቀየምን። ቈይተን ግን ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ተረዳነው። መቅረታችን ልማድ ሆኖ ነበርና፥ በሕመም የቀረንበትን እሑድ ከሌላው እሑድ ሊለይ የሚችል ሰው አልነበረም። የየኔታ ጥያቄ ያን ጊዜ ትዝ አለን። ደወል ከማይሰማበት ጎጆ የሚጮኽ ሰው ጩኸቱም ወደ ደወሉ አይደርስም።

ያም ሆኖ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንዲሉ ውሉን ይዘን እስከ መጋቢት ቈየን። ውሉ ሲያልቅ በሰሜን ሎንዶን ኬንቲሽ ታውን በሚባለው ሠፈር ወደ አንዲት የአገራችን እናት ቤት ገባን። ኪራዩ ከፊተኛው በ120 ፓውንድ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ትምህርት ቤታችን በእግር ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ሆነ፤ ዝናብ ሲሆን በአውቶቡስ እንሄዳለን። አውቶቡስ በቀጠና አያስከፍልም፤ ለአጭሩም ለረጅሙም መንገድ ዋጋው አንድ ነው፤ ሌሊት የሚሠራም አለ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና የሽሮውን ሽታ ከደረጃው ሥር ስንሰማ ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የገባን መሰለን። እሑድ ገና ሳይነጋ እኒያ እናት በራችንን ያንኳኳሉ፤ «ልጄ፥ ተነሥ፥ ኪዳን ሳይደርስ እንሂድ» ይሉናል። ደወላችን እርሳቸው ሆኑ።

ነገር ግን፥ አንባብያን ሆይ፥ ያም ቤት ፈተና አላጣም። ማታ ማታ ቡና ይፈላል፤ እንግዳ ይመጣል፤ የአገር ወሬ ይነሣል፤ ሌሊቱ ይጋመሳል። ከሁለት ወር በኋላ ያቀረብነውን ጽሑፍ መምህራችን ሲመልሱልን፥ አሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ እንግሊዝኛችን ከበልግ ወዲህ እንዳልተሻሻለ ጽፈውበት አገኘን። እውነት ነበር። በመጀመሪያው ቤት የምናነጋግረው አጥተን ዝም አልን፤ በሁለተኛው ቤት ደግሞ ሌላ ቋንቋ ሳያስፈልገን በአማርኛ ስናወጋ ከረምን። ከዚያ በኋላ በሳምንት አራት ማታ ከቤተ መጻሕፍት ልናመሽ፥ ሐሙስ ማታም የሠፈሩ ሰዎች መጽሐፍ አንብበው ከሚወያዩበት ማኅበር ልንገኝ ወሰንን። እኒያ እናት መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ኋላ ግን ቡናችንን ለቅዳሜ አቈዩልን።

በዚያ ወራት በእግር ስንመላለስ፥ ከመንገዳችን ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይታየን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱ ከ300 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍታችን በዚያ ይገኛሉ። በዚያው ዓመት የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስም ትዝ ይለን ነበር። ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ሄዶ፥ ከቤት ወደ ቤት፥ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሌሎች በመረጡለት ሲዛወር ኖሮ በ1872 ዓ.ም. በኅዳር ወር በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ዐረፈ፤ መቃብሩም በዊንድሶር ነው። ያ ልጅ የሚኖርበትን ለመምረጥ ሥልጣን አልነበረውም። የዛሬ ልጆቻችን ግን አላቸው፤ ስለዚህ ምርጫውን እንደ ቀላል ነገር ሊቈጥሩት አይገባም።

ለዚያ ቤተ ሰብ የሰጠነው ምክር እንግዲህ ይህ ነው።

አንደኛ፥ ኪራይን ብቻውን አትመልከቱ። የወሩን ኪራይና የወሩን የመንገድ ዋጋ ደምሩ፤ ከዚያም በመንገድ የሚጠፋውን ሰዓት ቍጠሩ። ርካሽ የሚባለው ቤት ከዚህ በኋላ ርካሽ ሆኖ ከተገኘ ያን ጊዜ ርካሽ ይባል።

ሁለተኛ፥ ሳያዩ አትክፈሉ፥ አትፈርሙም። የሚቻል ከሆነ ልጁ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ወይም ከታመነ ሰው ቤት ይረፍና ክፍሉን በእግሩ ሄዶ ይይ፤ መንገዱንም በቀንና ከመሸ በኋላ ሁለት ጊዜ ይመልከተው። የእንግሊዝ ፖሊስ በየመንገዱ የተፈጸመውን ወንጀል በካርታ በኢንተርኔት ያወጣል፤ እርሱንም ማየት መልካም ነው።

ሦስተኛ፥ ሕጉን እወቁ። በእንግሊዝ አገር ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለመደው ኪራይ አከራይ የሚቀበለው መያዣ ከአምስት ሳምንት ኪራይ አይበልጥም። መያዣውም በመንግሥት በተፈቀደ ጠባቂ ድርጅት ሥር መሆን አለበት፤ አከራዩ ራሱ በሚኖርበት ቤት ክፍል የሚከራይ ሰው ግን በዚህ በኋለኛው ሕግ አይሸፈንም። ስለዚህ አከራዩ የአገር ሰው ቢሆንም እንኳ ደረሰኝ መቀበል ነውር አይደለም። የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ብቻ የሚኖሩበት ቤት ከማዘጋጃ ቤት ግብር ነፃ ነው፤ ተማሪ ያልሆነ ሰው አብሮ የሚኖር ከሆነ ግን ግብር ሊመጣ ይችላልና ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

አራተኛ፥ ውሉ ሳይፈረም በፊት አንድ እሑድ ማለዳ ከዚያ ቤት ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። የሰኞ መንገድ ለእሑድ ምስክር አይሆንም።

አምስተኛ፥ ከቤቱ ወይም ከጎረቤቱ አንድ ሰው «ካላየኸኝ በሬን አንኳኳ» ብሎ አደራ ይበል። ያ ሰው ኢትዮጵያዊ ቢሆን መልካም ነው፤ እንግሊዛዊ ቢሆንም መልካም ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና።

በአራተኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ለትምህርት በአቴና በተቀመጡ ጊዜ የሚያውቁት ሁለት መንገድ ነበር፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ሌላው ወደ መምህራን ቤት። ጎርጎርዮስ ስለ ወዳጁ ሲናገር ይህን ገልጦልናል። አቴና በጣዖትና በከንቱ ነገር የተሞላች ከተማ ነበረች፤ ሁለቱ ወዳጆች ግን እነዚህን ሁለት መንገዶች ስላልለቀቁ አልጠፉባትም። ሎንዶንም ሆነች ሌላ ከተማ፥ ሁለቱ መንገዶች ለተማሪው አጭር የሚሆኑበት ሠፈር መልካም ሠፈር ነው።

ይህን ከነገርናቸው በኋላ እናቱ ወረቀትና እርሳስ ጠይቀው ኪራዩንና የባቡሩን ዋጋ ደመሩ። ርካሹ ክፍል ከመካከለኛው በ20 ፓውንድ ብቻ አንሶ ተገኘ። አባቱም ልጁ ማታ ማታ በቤተ መጻሕፍት እንዲያመሽ ቃል አስገብተው ተስማሙ። እናቱ ግን አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር፤ የእኒያን አከራይ ስልክ ጠይቀው እዚያው ፊታችን ደወሉ። ስለ ኪራይ አንድ ቃል አልተናገሩም። «እኅቴ፥ እሑድ ሲያንቀላፋ ይቀስቅሱልኝ፤ ሲታመምም አይደብቁኝ» አሉ። እኛ በአንድ ዓመት የተማርነውን እኒያ እናት በአንድ ቃል ጨረሱት።

ልጁ በመስከረም ሄደ። ልጆቻቸውን በሩቅ አገር ያሉ ወላጆች ሲደውሉ «ምን በላህ? ብርዱስ እንዴት ነው?» ማለታቸው ተገቢ ነው። ከዚህ ጋር «ዛሬ ብትቀር ማን ያስተውላል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ የአንድ ሰው ስም ከሆነ ልጁ በሠፈሩ አለ፤ መልሱ ዝምታ ከሆነ ግን ውሉ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ሌላ ቤት ይፈልግ።

የስደተኞች መጠጊያ አምላካችን በሰው አገር ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አሜን።